ከአህመድ ጉድጓድ ያልተቀዳው ውሃ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች ብዙ አይደለንም። ብርቄ ባለቤቴ ነበረች፤ የልጆቼ እናት። እትዬ ሞሚና ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ እጃቸው የማይሰስት ሴት። ሟቹ ባላቸው አህመድ ነገሩ ሲደርስ በሕይወት አልነበረም፤ ግን ከሁላችንም ይበልጥ በነገሩ ውስጥ ነበረ። ኤልያስ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የውሃ ባለሙያ ነው። ጓድ ሰይፉ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። ስሙን ያላወቅኩት አንድ የኬላ ጠባቂም አለ። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ወርቁ እባላለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ከአስፋልቱ ዳር ጎማ እጠግን ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ወደ ሰሜን የሚወጣው የጦር መኪና በዝቷል፤ ጎሚስታ ሥራ አያጣም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ባለሱቁን “ይህቺ ማናት?” እያልኩ። በዚህም እመካ ነበር። ልጆቼን አጥብቄ ነው ያሳደግኩት። በቤቴ ውስጥ ውሸት አይታለፍም። ትንሽም ብትሆን የዋሸ ልጅ እራቱን ቆሞ ይበላል። ብርቄ “ተው፣ ልጅ ነው” ስትለኝ “ውሸት ትልቅና ትንሽ የለውም” እላት ነበር።

የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአንድ የመንግሥት የጥጥ እርሻ በታች ባለች መንደር ነው። ክርስቲያንም እስላምም ተደባልቀን ነው የምንኖረው፤ የምንጠጣውም ከአንድ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው፣ ራሱም የቆፈረው አህመድ ነው። ለራሱም ለእናት ለአባቱም ነፍስ ሰደቃ ይሁን ብሎ፣ መንገደኛውም መንደርተኛውም በነፃ እንዲጠጣ። እስላም ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት እንዲህ ያለ ሰደቃ ሰውዬው ከሞተም በኋላ አይቋረጥም። አንድ የተጠማ ሰው በጠጣ ቁጥር ምንዳው፣ እነሱ አጅር ይሉታል፣ ለሟቹ ይደርሰዋል።

አህመድ በሕይወት ሳለ ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ይነጥፍ ነበር። እሱ በሞተ በዓመቱ እርሻው ከመንደራችን በላይ አዲስ የመስኖ ቦይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ነጥፎ አያውቅም። መንደሩ በሙሉ “አላህ ሰደቃውን ተቀበለለት” አለ። እኔም ክርስቲያን ሆኜ አብሬ አምኛለሁ። ቦዩ ከላይ፣ ጉድጓዱ ከታች መሆኑን በዓይኔ እያየሁ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። አውሮፕላን ጥጡ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ሽታው እቤታችን ድረስ ይገባል። ውሃው ግን አይሸትም። ቀዝቃዛ፣ ኩል የመሰለ ውሃ ነበር።

ብርቄን መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አላት። ቀጥሎ ገንፎ። አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳት፤ የምግብ መውረጃዋ ላይ ካንሰር ነው አሉኝ። ከመንደራችን በዚያው ዓይነት ሕመም የሞቱ ሰዎች እንዳሉ ለሐኪሙ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?” አለኝ።

“ከጉድጓድ።”

“በአካባቢው እርሻ አለ?”

“ከበላያችን ነው።”

“ልብ ይበሉ፣ ውሃው ነው አላልኩም። ትንባሆም፣ በጣም የሚያቃጥል ነገር መጠጣትም፣ የምግብ እጥረትም ይጠረጠራሉ። ግን ሳይመረመር አይታወቅም።”

ይህን ቃል ይዤ ውሃ ወደሚያስመረምሩ ሰዎች ቢሮ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ለሌላ ሥራ ወደ ወሎ የሚሄድ ባለሙያ ሲመለስ ከጉድጓዳችን ናሙና እንዲወስድ ተስማሙ። ብርቄን ያድናታል ብዬ አይደለም፤ ለእሷ ረፍዷል፤ እሷም ታውቀዋለች። እኛ የፈለግነው ልጆቻችን ከዚያ ጉድጓድ ይጠጡ ወይስ ይተዉ የሚለውን ማወቅ ብቻ ነበር። ብርቄ በየማታው የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

ኤልያስ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። መንደሩ አፍ ላይ የግራር እሾህ የኋላ ጎማውን በስቶት መኪናዋ እያነከሰች ገባች። ወርዶ ጎማውን አየና ሳቀ።

“ጎሚስታው ቤት ድረስ ጠብቃ ተነፈሰች። ብልህ መኪና ናት” አለ።

ሳቁ ግን የጤነኛ አልነበረም። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ወባ ሳያንቀጠቅጠው አልቀረም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ጓድ ሰይፉ ወዲያው ደረሰ።

“ጓድ ባለሙያ፣ እርሻው የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን ታውቃለህ” አለው። “ከውሃው አንድ ነገር ቢገኝ በማን ላይ ሊጻፍ ነው?”

“እኔ የማስመረምረው ውሃ ነው። ሰው አላስመረምርም።”

ሰይፉ ወደኔ ዞረ። “ወርቁ፣ የሚስትህ ሕመም ያሳዝነኛል። ግን ሕመሟን ከአብዮቱ ጋር አታጋጨው።”

ክሪኬን አውጥቼ መኪናዋ ሥር ገባሁ። የሆነውን ሁሉ የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው፤ ያየሁት ግን እግር ብቻ ነበር።

ኤልያስ ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሲያመራ እትዬ ሞሚና ወጡ።

“የኔ ልጅ፣ ይህን ፀሐይ አታየውም? ና ጥላው ሥር ተቀመጥ።”

“እማማ፣ መጀመሪያ ውሃውን ልቅዳ።”

“በኔ ደጅ እንግዳ ውሃ አይቀዳም።”

“ሥራዬ ነው እኮ፣ እማማ።”

“ሥራህ ከሆነ እዘዘኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ። ነገ ሰው ‘ሞሚና የታመመ እንግዳ ውሃ አስቀዳች’ ይበለኝ? አንተ እናት የለህም?”

ከዚያ የመቀመጥ ድምፅ ሰማሁ። እንዴት እንደሚሞላ አስረዳቸው፦ በዚያው ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ መሙላት፣ ክዳኑን ውስጡን ሳይነኩ መግጠም። እትዬ ሞሚና ቃል በቃል ደገሙለት። ጠርሙሶቹን ይዘው ወደ ቤታቸው በኩል ሲሄዱ እግራቸውን አየሁ። ጉድጓዱም በዚያው በኩል ነውና ምንም አላልኩም።

ጎማው አለቀ። ጠርሙሶቹ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ገቡ። ኤልያስ የፍየል ወተት ጠጥቶ፣ ፓፓያ ተሸክሞ፣ እትዬ ሞሚናን እጅ ነስቶ ሄደ። ብርቄ ከበራፉ ላይ ሆና እጇን አነሳችለት። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ፊቷ በርቶ አላየኋትም።

ከዚያ የጎማ ማጣበቂያውን ከእጄ ላስለቅቅ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ባልዲው ተገልብጦ ተቀምጧል። አነሳሁት፤ ደረቅ ነው። ገመዱን ጨበጥኩት። ከማለዳ ወዲህ ውሃ የነካው ገመድ አልነበረም።

እትዬ ሞሚና ጥላው ሥር ሰፌድ ይዘው ማሽላ ይለቅማሉ።

“እትዬ ሞሚና፣ ጠርሙሶቹን ከየት ነው የሞሏቸው?”

“ከእንስራው።”

“ከየቱ እንስራ?”

ቀና አላሉም። “ከእንግዳው።”

በመንደራችን እንግዳ የሚጠጣው ውሃ ሌላ ነው። ከተራራው ሥር ካለ ምንጭ በአህያ ይመጣል፤ ለመስጊድና ለእንግዳ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ እንኳ አይነካውም።

“እሱ እኮ ሊጠጣው አይደለም የመጣው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

አሁን ቀና አሉ። “ወርቁ፣ ‘የአህመድ ውሃ መርዝ ነው’ ተብሎ አዲስ አበባ ቢጻፍ፣ አህመድ ያለበት ቦታ ምን ይሉታል? እስከ ዛሬ ሰው በጠጣ ቁጥር አጅር ሲደርሰው ኖረ። ነገ ሰው በጠጣ ቁጥር ምን ሊደርሰው ነው? እሱ ሞቷል። ተነስቶ አይደፍነው፣ ይቅርታ አይጠይቅ።”

“ብርቄስ?”

“ብርቄን እህቴ ነው የምላት። እንዲህ አድርገህ አትጠይቀኝ።”

“ልጆቹስ?”

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ቶሎ ቶሎ ነው ያደረግኩት። አንድ ባዶ ጠርሙስ አጥቤ፣ ከጉድጓዱ ሞልቼ፣ አፉን በላስቲክ አስሬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከቀበሌ ወጥቶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰይፉ ነው። ለምን ትሄዳለህ ቢለኝ ናሙናው ተቀይሯል ልል ነው። ሰይፉ ደግሞ በየስብሰባው “አሻጥር” የምትለዋን ቃል አፉ ላይ ይዞ ነው የሚነሳ። ሳልጠይቀው ሄድኩ። ጎማ የምጠግንለት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አሳፈረኝ።

ከሮቢት ደብረ ሲና መንገዱ ሽቅብ ነው። የተጫነ መኪና ይንፏቀቃል። ኤልያስ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጣርማ በርን ካለፈ አላገኘውም። ጠርሙሱን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ በየመታጠፊያው አንገቴን አወጣለሁ። ሹፌሩ “ታቦት ነው እንዴ የያዝከው?” ብሎ ቀለደብኝ።

ደብረ ሲና መግቢያ ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ፊት የኤልያስን መኪና አየኋት። እሱ በሩን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል። ብጮኽ የሚሰማኝ ቦታ ላይ ነበር።

ጠባቂው መሣሪያውን እንዳነገተ መጣ። “ወረቀት።”

“ወረቀት የለኝም። እዚያ ካለው ሰውዬ ጋር አንድ ቃል ተነጋግሬ እመለሳለሁ።”

“ምንድነው የያዝከው?”

“ውሃ ነው።”

“ውሃ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና? ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄድ” አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው። “ውሃ ከሆነ ጠጣው።”

“ለምርመራ ነው። አፍ ሊነካው አይገባም።”

“ጠጣው አልኩህ።”

ላስቲኩን ፈታሁ። ዕድሜዬን የጠጣሁት ውሃ ነው፤ ያን ጊዜ ግን መዋጥ አቃተኝ። ብርቄ ስትውጥ የምታደርገውን እንዳደረግኩ ታወቀኝ። አንገቴን አስግጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምውጠው።

ግርግሩን ሰምቶ ኤልያስ መጣ። “ጋሼ ወርቁ? ምን ሆነው ነው?”

“የያዝከው ውሃ የጉድጓዱ አይደለም” አልኩት። “የምንጭ ውሃ ነው። ተቀይሯል።”

ጠባቂው “ተቀይሯል?” አለ። ሳቁ ጠፋ። “ማነው የቀየረው? የመንግሥት ናሙና ነው አይደል? ይሄ አሻጥር ነው።”

ኤልያስ የተጎነጨሁበትን ጠርሙስ አየ። “ይህኛውን መውሰድ አልችልም። አፍ ነክቶታል፤ ጠርሙሱም የእኛ አይደለም። የእኔን ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው ብዬ ካስገባሁት የሐሰት ውጤት ይወጣል፤ እስከ ዘለዓለም ‘ንጹሕ ነው’ ተብሎ ይቀመጣል። መድፋት አለብኝ። ለመድፋት ግን ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ማነው የሞላው?”

ማን እንደሞላው ያውቃል። የጠየቀኝ እንድናገር ሳይሆን፣ ጠባቂው ቆሞ ስለሚሰማ መጠየቅ ስላለበት ነው። እኔም ሁለት ነገር ብቻ አየሁ። ዝም ብል ምክንያት አይጻፍም፤ የሐሰቱ ውሃ አዲስ አበባ ይገባል፤ ልጆቼም በወረቀት ምስክርነት ከዚያ ጉድጓድ ይጠጣሉ። እውነቱን ብናገር እትዬ ሞሚና ዛሬውኑ ይታሰራሉ። በዚያ ዘመን “አሻጥረኛ” ተብሎ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እርስዎ?” አለ ኤልያስ።

“አዎ እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ጠርሙሶቹን ሰጡኝ። ከእንስራ ሞላኋቸው። ውሃ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነው።”

ኤልያስ ያን ሰዓት መኪናው ሥር ተጋድሜ እንደነበር ያውቃል። እግሬ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ፊት ለፊቱ ነበር። ከዚያ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አስፋልቱ ላይ ደፋቸው።

“ተመልሼ እመጣለሁ፣ ጋሼ ወርቁ” አለኝ። “በራሴ እጅ እቀዳለሁ።”

የተናገረው ከልቡ ነበር። እኔን ግን በዚያው መኪና ወደ ታች መለሱኝና ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ፤ ያለ ይለፍ ወረቀት በመንቀሳቀስና የመንግሥትን ሥራ በማሰናከል። ሰይፉ መጥቶ “ነግሬህ ነበር” አለኝ። በእርግጥ ነግሮኛል።

እትዬ ሞሚና በማግስቱ ምግብ ይዘው መጡ። በአጥሩ ቀዳዳ ነው የተነጋገርነው።

“እኔ ነኝ የሞላሁት ብዬ ለአዛዡ ነገርኩት” አሉኝ። “‘ጎረቤትሽን ለማስፈታት አትቅጠፊ፣ ሂጂ’ አለኝ። አንተ ዋሽተህ ታመንክ፤ እኔ እውነት ተናግሬ ተባረርኩ።”

“ይተዉት፣ እትዬ ሞሚና።”

“ጉድጓዱን ዘጋሁት።”

“ምን አሉ?”

“አፉን በእንጨትና በድንጋይ ዘጋሁት፤ እሾህ ደረብኩበት። ሰው ለኔ ብሎ ታስሮ፣ እኔ ተቀምጬ ያን ውሃ ላጠጣ?”

“ምን እንዳለበት እኮ አልታወቀም” አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸዋለሁ። “ደህና ሊሆን ይችላል።”

“ካልታወቀ እንዴት አድርጌ ለልጅ እሰጣለሁ? አህመድን የሚጠይቀው ካለ እኔን ይጠይቀኝ።”

“ታዲያ ሰዉ ከየት ይቀዳል?”

ምንጩ ሩቅ ነው፤ አህያ ያለው ጥቂት ነው። መንደሩ ወደ ቦዩ ነው የሄደው።

የተፈታሁት ብርቄ ውሃ እንኳ በማንኪያ በምትወስድበት ሰዓት ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክረምቱ ገብቶ ነበር።

“ምን ተገኘ?” አለችኝ። ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል።

አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛውም ቀላል ነበር። ንጹሕ ነው ብላት ጉድጓዱ ለምን ተዘጋ ትለኛለች። መርዝ ነው ብላት ለልጆቿ እየፈራች ትሞታለች። እውነቱን ነገርኳት።

“አልታወቀም።”

“ልጆቹ አሁን ከየት ነው የሚጠጡት?”

“ከቦዩ።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ ጠይቃኝ አታውቅም። ብዙ ቀን አልቆየችም።

ኤልያስ አልተመለሰም። ጦርነቱ ወደ መንገዱ ቀረበ፤ የሲቪል መኪና መንቀሳቀሱ ቀረ፤ ቀጥሎ መንግሥቱም እርሻውም ሌላ ሆነ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃና ስለ ካንሰር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያልገባኝን ሐኪም እያስቆምኩ ጠይቄያለሁ። በእኛ ጊዜ ውሃ ተመረመረ ማለት ከሞላ ጎደል ተቅማጥና ኮሌራ ተፈለገ ማለት ነበር። ዛሬ ጥናቱ ቀስ ብሎ ወደሚገድለውም ዞሯል፤ ከማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ ወደሚሰርገው፣ ከፀረ ተባይ ወደሚቀረው፣ ከድንጋዩ ከራሱ ወደሚወጣው እንደ አርሴኒክ ያለ ነገር። አጥኚዎቹ አንድ ጠርሙስ አይበቃም ይላሉ፤ ሰውዬው ለስንት ዓመት ምን ያህል ጠጣ፣ ሌላስ ምን ነካው ብለው ይጠይቃሉ። በአንዳንዱ ነገር ላይ እርግጠኞች ናቸው። በብዙው ላይ “ይጠረጠራል” ነው የሚሉት። ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማው እናደድ ነበር። አሁን አከብረዋለሁ፤ ሐቀኛ ቃል ነው።

ስለዚህ አድምጡኝ። ውሃ ስለጠራ ንጹሕ ነው አትበሉ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ እርሻ የጣለበትን ግን አያወጣም። የሚመረምር ሰው ሲመጣ ደጉን ሳይሆን የምትጠጡትን ስጡት፤ ለእንግዳ የሚገባው ክብር በዚያ ቀን እሱ ነው። ጥርጣሬ ሲነሳ ደግሞ በመዝጋት ብቻ አትገላገሉ፤ የዘጋችሁትን የሚተካ ምን እንዳለ መጀመሪያ እዩ። ውሸትን በተመለከተ እኔ ተለውጫለሁ። ከእስር ከወጣሁ በኋላ ልጅ እራቱን ቆሞ እንዲበላ አድርጌ አላውቅም። መጀመሪያ “ለማን ብለህ ነው?” እለዋለሁ። ኬላው ላይ በዋሸሁት አልጸጸትም፤ ትክክል ነበር ብዬም አላስተምርም።

ሒሳቡ ይህ ነው። ብርቄ ሞተች፤ ውሃው ገደላት አልልም፤ ሳታውቅ ሞተች ግን እላለሁ። እትዬ ሞሚና የባላቸውን ሰደቃ በገዛ እጃቸው ዘግተው፣ እስኪሞቱ ድረስ በየጁምዓው ይቅርታ ሲለምኑለት ኖሩ። በዚያ ክረምት የቦዩ ውሃ በተቅማጥ የመንደሩን ሕፃናት ወሰደ፤ አንዷ የሰይፉ የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ እኔው ነኝ መቃብሯን አብሬው የቆፈርኩ። ኤልያስ ናሙና አበላሸ ተብሎ ከመስክ ሥራ እንደተነሳ ከጊዜ በኋላ ሰማሁ። ጠባቂውን ምንም አላስከፈለውም። የእኔ ልጆች ተርፈዋል፤ ከጉድጓዱም ከቦዩም ጠጥተዋል፤ አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል። ይህ በሽታ ቀጠሮው ረጅም ነውና፣ እስከ ዛሬ አብረን ማዕድ ስንቀርብ እኔ የምበላውን ትቼ ሲውጡ ጉሮሯቸውን አያለሁ።